ዝገት ሲዘፍን

ጉሮሮን ያገኘነው በጉንፋን ምክንያት ነው።

አባቴ ዳቦ ቤት ነበረው። እኔ ሊጥ አቦካለሁ፤ ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ትሸጣለች። የዚያን ቀን ከሰዓት ጓደኛዬ ሽቦ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ እንደ ልማዱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይለፈልፋል። ክራባት ያሰረ ቀጭን ወጣት ገባና «ሁለት ዳቦ» አለ። ድምፁ ከዚያ ቀጭን አንገት የወጣ አይመስልም፤ ከመሬት በታች የመጣ ነው የሚመስለው። እታለም ደንግጣ ዳቦውን ከእጇ ጣለችው።

ሽቦ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ወንድሜ፣ በናትህ እስቲ ድገመው።»

«ሁለት ዳቦ አልኩ።»

«ጮክ በልና!»

ወጣቱ የሚቀለድበት መሰለው። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ በዚያው አስፈሪ ድምፅ። «ሆስፒታል ስልክ አገናኛለሁ። ዛሬ የደወለው ሁሉ በቀጥታ ሬሳ ክፍል የገባ እየመሰለው ይዘጋብኛል።»

እንዲህ ስቀን አናውቅም። እሱም መጨረሻ ላይ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ባሰበት። እስኪመሽ አብሮን ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽቦ አጎት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሄደበት ሁሉ የማያመጣው ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ ካሴት አመጣለት። ዴዝ ሜታል የሚባል ሙዚቃ ነበር። ጊታሩ እንደ መጋዝ ይገዘግዛል፤ ድራሙ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፤ ዘፋኙ ደግሞ አይዘፍንም፣ ያገሳል። የሚያወራው ስለ ሞትና ስለ መቃብር ነው። መጀመሪያ ስሰማው ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሽቦ ግን አበደበት። ከተጣሉ ሬዲዮዎች ማጉያ ሠራ፣ ጊታር ፈልጎ አገኘ፤ እኔንም «ሊጥ ያዳበረው ክንድ ከንቱ መቅረት የለበትም» ብሎ ድራም ላይ አስቀመጠኝ። የጎደለን የሚያገሳ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዳቦ ሊገዛ በእግሩ መጣ።

ጉንፋኑ ለቀቀው፤ ድምፁ ግን አልጠፋም፤ ሲፈልግ ይጠራዋል። ጉሮሮ ያልነው ያኔ ነው። ቀን ቀን በዚያ ለስላሳ አንደበቱ «ጤና ይስጥልኝ፣ ወዴት ላገናኝዎት?» ሲል ይውላል፤ ማታ ግን የሰማው ሁሉ ያማትባል።

እታለም ሳትጠራ ነው የገባችው። ጥቂት ቀን ስታዳምጠን ቆይታ፣ «እናንተ እኮ እንደ ፈረሰ ሰልፍ እያንዳንዳችሁ ወደየፊናችሁ ነው የምትሮጡት። የሚሰበስባችሁ ያስፈልጋል» አለችና ሽቦ ያመጣውን ባለ ወፍራም ድምፅ ቤዝ ጊታር አነሳች። ከዚያ ወዲያ ማንም ከእጇ አላስጣላትም። ጣቶቿ አይቸኩሉም፤ እኛ ስንበር እሷ መሬት ትሆነናለች።

የምንለማመደው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ዱቄት መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ግድግዳውን የተደረደሩት ጆንያዎች ድምፁን ያፍኑታል፤ የተረፈውን የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ይውጠዋል። ድራሙን በመታሁ ቁጥር ዱቄት ብን ይላል፤ ልምምዱ ሲያልቅ አራታችንም ሽበት አብቅለን እንወጣለን። ጎረቤት ሊከስ ሲመጣ አባቴ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ «ምን ላድርግ? እነሱ ካልጮኹ ሊጡ ኩፍ አይልም» ይላቸዋል። ያመኑትም ነበሩ። ስማችንንም ያወጣልን አባቴ ነው። የመጀመሪያውን ሲምባሌን፣ ከድራሙ ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ይሄማ ዝገት ነው» አለ። ዝገት ተባልን።

ታዲያ ሁሉም ቀልድ አልነበረም። የጉሮሮ አባት ግንበኛ ነበሩ። የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር አፈሩ ተናደባቸውና ከሥሩ ቀሩ። ጉሮሮ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። ለዓመታት ስለ እሳቸው አንድም ቃል አልተናገረም። አንድ ቀን ግን ልምምድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያላዘጋጀነውን ነገር አገሳ።

«ሥጋዬን ብላው፣ አፈር! የአባቴን መልስልኝ!»

ሽቦ ጊታሩን ሊያቆም ሲል እታለም በዓይኗ ከለከለችው። እሷ ቀጠለች፤ እኛም ተከተልናት። ዘፈኑ በዚያው ተሠራ። በኋላ ለማስተካከል ብንሞክርም በነካነው ቁጥር እየተበላሸ አስቸገረን፤ እንዳለ ተውነው።

መጀመሪያ ያቀረብነው በወጣቶች አዳራሽ ነው። ሰው ያልጠበቀው ሆኖበት ግማሹ ጆሮውን ይዞ ወጣ። የጉሮሮ እናት ግን ከፊት ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ቤተ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላሉም። ስንወርድ ልጃቸውን በመሐረብ ላቡን እየጠረጉለት፣

«ቃሉ እንኳ አልገባኝም፣ ልጄ» አሉት። «ግን እንዲህ የተናደድከው በማን ነው?»

ጉሮሮ አቀርቅሮ «በአፈር» አላቸው።

እናትየው መሐረባቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እኔም» አሉ። ከዚያ በኋላ በሄድንበት ሁሉ ጆሯቸው ላይ ጥጥ ወትፈው ከፊት ይቀመጡ ነበር።

ደጉ ዘመን ያ ነበር። ማንም አያውቀንም፤ እኛ ግን ዓለም ሁሉ ያወቀን ይመስለን ነበር። ልምምድ ስንጨርስ ምድጃው አጠገብ እግራችንን ዘርግተን፣ አልጋገር ብሎ የተጣመመ ዳቦ በትኩሱ እንቆራረሳለን። ሽቦ ስለሚመጣው ማጉያ ያወራል፤ እታለም ታሾፍበታለች፤ ጉሮሮ ድምፁ እንዲያርፍ በእጁ ብቻ ያወራል። ዛሬም የትኩስ ዳቦ ሽታ ሲያውደኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ አባቴ አይደለም፤ እነሱ ናቸው።

ካሴት ቀረጽን። ሽቦ ማይክሮፎኖቹን ጆንያ ላይ ሰክቶ፣ ማቡኪያውን እያስጠፋን፣ ዱቄት መጋዘኑ ውስጥ። ሽፋኑን እታለም ሣለችው። የሽቦ አጎት መኪናው ውስጥ ጭኖ በየደረሰበት ከተማ ለሚያገኘው ሻይ ቤትና ሱቅ ያድል ነበር። ከዚያ የት እንደገባ አላወቅንም። ድንጋይ ባሕር ውስጥ እንደመጣል ቆጠርነው።

ከዚያ የጉሮሮ ድምፅ ይሰበር ጀመር። እንዴት እንደሚያገሳ ያስተማረው የለም፤ ከካሴት ሰምቶ፣ አንገቱን እያስጨነቀ ነው ያወጣው። መጀመሪያ ስልክ ላይ አልሰማ አለ። ከዚያ ደም ተፋ። በሚሠራበት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አደረጉለትና ዳነ፤ ነገር ግን የቀረለት ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከስልኩ አንስተው የሆስፒታሉ አንሶላ የሚታጠፍበት ክፍል አስገቡት። «አንሶላ ወሬ አይጠይቅም» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ማናችንም አልሳቅንም።

ሌላ ዘፋኝ እንፈልግ ያለ አልነበረም። እታለም አግብታ ከከተማው ወጣች፤ አባቴ አረፈ፤ ዳቦ ቤቱ የእኔ ሆነ፤ ድራሙም ጣሪያ ሥር ወጣ። የጉሮሮ እናትም ልጃቸውን መርቀው አለፉ። ሽቦና እኔ ስንገናኝ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ ዝገት ግን አናነሳም።

እኛ አርጅተናል ብለን ቁጭ ካልን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንዲት ረጅም ወጣት ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ዳቦ ቤቱ ገባች።

«ጋሼ፣ የዝገት ቤት ይሄ ነው?»

«ብረታ ብረት ከሆነ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ተያዩና ሳቁ። ከቦርሳዋ ካሴት አወጣች። ሽፋኑ ላይ ያለው የእታለም ሥዕል ነው፤ ከቅጂ ላይ እየተቀዳ ሊጠፋ ደርሷል። እጄ ዱቄት ነበር፤ ሳልጠርገው ተቀበልኳት።

ልጅቷ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ናት፤ ከከተማችን የአንድ ቀን መንገድ ትርቃለች። ካሴቱ አጎቷ ሻይ ቤት ተረስቶ ተገኘ። እሷ ሰማችው፤ ጎረቤቷ ሰማው፤ እየተቀባበሉ ቀዱት። አሁን እዚያ ከተማ ዴዝ ሜታል የሚጫወቱ በርካታ ባንዶች አሉ፤ ሁሉም ከዚያች ካሴት የተፈለፈሉ ናቸው። ከጓደኞቿ አንዱ የእታለምን የቤዝ ምት አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ የተሳሳተችበትን ቦታ ሳይቀር እንዳለ ነው የሚጫወተው።

«ሲኒማ ቤት ዝግጅት አለን» አለች። «አራታችሁንም ልንጋብዝ ነው የመጣነው። ካላችሁ ማለቴ ነው።»

ጉሮሮን ለማሳመን ሽቦና እኔ አንሶላ ክፍል ሄድን። አንሶላውን ማጠፍ ሳያቋርጥ አዳመጠን።

«ምን ልሠራ? ልንሾካሾክላቸው ነው?»

«አንተን ማን ዝፈን አለህ?» አለው ሽቦ። «ቁጭ ብለህ ስማ ነው የተባልከው።»

እታለም ከባሏ ቤት መጣች። በአውቶቡስ ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ እሷና ሽቦ የቱ ዘፈን እንደሚቀድም ሲነታረኩ ጉሮሮ በመስኮት እያየ ፈገግ ይላል።

ሲኒማ ቤቱ ጥቁር በለበሱ ወጣቶች ጢም ብሎ ነበር። ከፊት ወንበር አስቀመጡን። ረጅሟ ልጅ ወጣችና አፏን ስትከፍት ጸጉሬ ቆመ፤ የጉሮሮ ድምፅ ነው፣ የወጣትነቱ፣ ያ ዳቦ ሲጠይቅ የነበረው። በመጨረሻ ያንን ዘፈን ጀመሩ። አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ አብሮ ጮኸ።

«ሥጋቴን ብላው፣ አፈር!»

የተሳሳትኩ መሰለኝ። ደግመው አሉት። ሥጋዬን አይደለም፤ ሥጋቴን። ከተበላሸ ካሴት፣ ከሚያገሳ ሰው አፍ፣ ያችኑ ነበር የሰሙት። ወደ ጉሮሮ ዞርኩ። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መሰለኝ። እጁን ሲያነሳ ግን ዓይኑ እርጥብ ነው፣ አፉ ይስቃል።

ከመጋረጃው ጀርባ ስንገናኝ ልጅቷ ጉሮሮን፣ «ቃሉን በትክክል ይዘነዋል?» አለችው።

እውነቱን ነገራት። ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ፣ ጋሼ! ስንት ዓመት ሙሉ—»

«ይቅርታ የለም» አላት፤ ለመስማት ሁላችንም ጎንበስ አልን። «እኔ ያኔ ብስል ብሆን ኖሮ፣ የምለው ያንን ነበር። ልጅ ነበርኩና ሥጋዬን አልኩ። የእናንተ ይሁን።»

ልጅቷ ልታመሰግን ስትል ድምጿ ተቆረጠ፤ እንደ ሰነጠቀ ሸክላ ሆነ። የጉሮሮ ፈገግታ ጠፋ።

«ያምሻል?»

«ሁልጊዜ ከዝግጅት በኋላ ነው። ይተወኛል።»

«ከየት ነው የምታወጪው?»

አንገቷን ነካች።

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎታ» አለች። «ከካሴቱ።»

በማግስቱ እኛ ስንመለስ ጉሮሮ ለልጅቷ ብሎ እዚያው ቀረ። ከቀናት በኋላ ይዟት እኛ ከተማ ሆስፒታል ድረስ መጣ፤ እሱን የቀደዱት ሐኪም ጡረታ ወጥተው ነበር፤ እሳቸው ያሠለጠኗትን ሐኪም አገኘ። ገና ነው፣ የድምፅ አውታሯ አላበጠም፣ ግን ዝም ትበል አለች ሐኪሟ። ልጅቷ ክረምቱን በሙሉ በጽሑፍ ብቻ አወራች። ጉሮሮ ሐኪሟ ካገናኘቻት የድምፅ መምህር ጋር አብሮ እየተቀመጠ፣ እሱ ሳያውቀው ያለፈውን ሁሉ ተማረ፤ አየሩ ከሆድ እንደሚነሳ፣ አንገት እንደማይጨነቅ።

ዛሬ አገሳለሁ ያለ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይላካል። እታለም ለመጠየቅ ስትመጣ ትሰማቸዋለች፤ ሽቦም አዲስ ማጉያ ሠርቶ አመጣ። ረጅሟ ልጅ ከክረምቱ በኋላ መጀመሪያ ድምጿን የሞከረችው ዱቄት መጋዘናችን ውስጥ ነው። ጉሮሮ መዳፉን የራሱ ሆድ ላይ አድርጎ እያሳያት፣ ከፊቷ ቆሞ ነበር። አገሳች። ረጅምና ጥልቅ፤ ጆንያዎቹ ራሳቸው የሚሰሙ ይመስል ነበር። ጨረሰችና አንገቷን ዳሰሰች።

«ምንም አላመመኝም» አለች።

ጉሮሮ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ውኃ ስጧት ብሎ በእጁ ጠቆመን።