ቁጥር የማያሳየው ሚዛን

ተሳቢ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ከባድ መኪና ነጂ ነውና፣ ጋቢና ሲገባ ሆዱ ስለሚቀድመው፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ የራሱ ተሳቢ አለው» አሉ፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣበቀበት። አልከፋውም። «ሰው ስም የሚያወጣው ለሚወደው ነው» እያለ አብሯቸው ይስቅ ነበር። የከፋው መሪውን የነጠቁት ቀን ነው።

የነጠቁትም ያለ ነገር አልነበረም። በድርጅቱ ግቢ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ሞተሩ እንደተነሣ፣ እንቅልፍ ሸለብ አደረገውና መኪናዋ ተንሸራታ ሄዳ የበሩን ምሰሶ ሳመችው። ሰው አልተጎዳም። የድርጅቱ ሐኪም ግን መረመረውና፣ ውፍረቱ በእንቅልፉ ትንፋሹን እያፈነ እንደሚያሳድረው፣ ቀን የሚያንጎላጀውም ሌሊት ስለማያርፍ እንደሆነ አስረዳው። ክብደት እስኪቀንስ ድረስ መሪ እንዳይጨብጥ ተወሰነ። ድርጅቱም በርቀት የሚሰጥ የክብደት ሕክምና ላይ አስመዘገበው። ሐኪሟን በአካል አይቷት አያውቅም፤ በየሳምንቱ በስልኩ ስክሪን ውስጥ ትመጣለች፣ ጠይቃው ትሄዳለች።

እስከዚያው የተሰጠው ሥራ በግቢው የመኪና ሚዛን ላይ ነው፤ ጭነው የሚወጡትን ይመዝናል። የስምሪት ኃላፊው እዚያ ሲመድበው ነገር ፈልጎ አልነበረም፤ የነበረው ክፍት ቦታ ያው ነው። ነጂዎቹ ግን የት ለቀቁት! «ተሳቢው፣ እስቲ መጀመሪያ አንተ ውጣበትና ሞክረው!» ይሉታል። እሱም ከሚዛን ቤቱ መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ረዳትህን አውርድ! ሰው ላዩ ላይ ቆሞ አልመዝንም!» እያለ ይጮህባቸዋል።

ሐኪሟ ያዘዘችውን አላጎደለም። መርፌውን በየሳምንቱ ሆዱ ላይ ይወጋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ሲያቅለሸልሸው ከርሞ ለመደው። ሾርባውን፣ የተቀቀለ አትክልቱን፣ እንቁላሉን በልኩ ይበላል። የሚያበሽቀው ሌላ ነው። ከሕክምናው ጋር የመጣለት የቤት ሚዛን ቁጥር አያሳይም። ሰው ሲወጣበት አረንጓዴ መብራት ቦግ ይላል፣ ክብደቱን በራሱ ጊዜ ለሐኪሟ ይልካል፣ አለቀ። ታካሚው በየቀኑ ቁጥር እያየ ተስፋ እንዳይቆርጥ ታስቦ ነው አሉት።

«ቀኑን ሙሉ የሰው ጭነት ስመዝን ውዬ የገዛ ሆዴን የማላውቅ!» ይላል ለሚስቱ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

ሚስቱ እቤት ውስጥ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። እሷም ብትሆን በሰውነት ከእሱ የምታንስ አልነበረችም፤ ወንበሯን በትራስ ደግፋ፣ ማሽኗን ሳታቆም፣ «ሱሪህን ሁለት ጊዜ አጥብቤያለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ሚዛን ትፈልጋለህ?» ትለዋለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሰው የለም ብሎ የመኪናው ሚዛን ላይ ወጣ። መሣሪያው የሚቆጥረው ሃያ በሃያ ኪሎ እየዘለለ ነው። ወረድ ብሎ ቁጥሩን ሊያይ ሲሮጥ ቀጮ መስኮቱ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ቀጮ ተተኪ ነጂ ነው፤ ተሳቢው ከመሪው ከወረደ ወዲህ መኪናዋን አልፎ አልፎ የሚነዳት እሱ ነው።

«ወይ መቶ ነህ ወይ መቶ ሃያ» አለ ቀጮ። «መሀሉን ለፈጣሪ ተወው፣ ወንድሜ።»

ሳቃቸው ሳምንቱን ሙሉ ቆየ።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው የስምሪት ኃላፊው ሲጠራው ነው። አዲስ የጭነት ውል ተገኝቷል፤ የስድስት ወር ሥራ፣ ረጅም መንገድ። «ሐሙስ መኪናዋ ትወጣለች» አለው። «ሐኪምህ ለውጥ አለው ብላ ከጻፈች አንተ ትወጣለህ። ካልጻፈች ቀጮ ይወጣል። እኔ በበኩሌ አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። ግን ያለ ወረቀት መሪ ልሰጥህ አልችልም።»

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ተሳቢው ፈቃድ ጠይቆ ቤቱ ቀረ፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ሐኪሟ መጣች።

«እንደምን አደሩ? መርፌው እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ዶክተር። ሪፖርቱን ዛሬ ይላኩልኝ፤ መኪናዬ ቆማ ትጠብቀኛለች።»

«እሱን ነው የምንነጋገረው» አለች፣ ዓይኗን ወደ ጎን ጥላ የሆነ ነገር እያነበበች። «ከሁለት ወር ወዲህ ክብደትዎ ቀጥ ብሏል። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት ትንሽ ጨምሯል።»

ተሳቢው ወደ ስልኩ ተጠጋ። «ማን ነው የጨመረው?»

«እርስዎ።»

«ዶክተር፣ ሱሪዬ እኮ ካልያዝኩት ወልቆ ሊወድቅ ነው!»

«ይገባኛል። ግን የምጽፈው የደረሰኝን ነው። አልቆጣም፣ አልፈርድብዎትም፤ ከምግቡ ውጪ የሚበሉት ነገር ካለ በግልጽ ይንገሩኝ።»

ከቁጣ ይልቅ ይሄ ለስላሳ አነጋገር ነው ያንገበገበው። እንደ ሰረቀ ልጅ የምታባብለው መሰለው። «ነይ እስቲ አንቺ!» ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ። «ነይና ምን እንደምበላ ንገሪልኝ!»

ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። ካሜራው የማያያት ቦታ ላይ፣ በሩ ሥር ቆመች። «የሚበላው እኔ የምሰጠውን ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጥብቤለታለሁ።»

ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠረች። «ሌላ ሰው ሚዛኑ ላይ ይወጣል? በቀን ሁለት ጊዜ ነው የሚደርሰኝ። መሣሪያው የሚይዘው የኋለኛውን ነው። እርስዎ ደጋግመው የሚመዘኑ መስሎኝ ነበር።»

«ልጆቻችን ራሳቸውን ችለው ከወጡ ቆዩ። ያለነው እኔና እሷ ነን። ደግሞስ ቁጥር የሌለው ነገር ላይ የትኛው እብድ ይወጣል?»

«እንግዲያው ያለኝን ከመጻፍ ሌላ...» አለችና አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ቀጥ አለች። ኔትወርኩ ሄደ።

ተሳቢው ስልኩን ነቀነቀው፤ ስልክ ቢነቀነቅ የሚመጣ ነገር ይመስል። ከኋላው ሚስቱ፣ «እኔ ነኝ እብዷ» አለች።

ዞረ።

«አንተ ሥራ ከሄድክ በኋላ እወጣበታለሁ። በየቀኑ።»

«ለምን? ቁጥር የለው!»

«ሐኪሟ ታየኛለች ብዬ ነው።» ሜትሯን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «ሚዛኑ ይነግራታል አላልከኝም? ሁለታችንንም የሚነግራት መስሎኝ። በደወለች ቁጥር፣ ዛሬስ ‘ያቺ ሁለተኛዋ ሴትዮ ማን ናት?’ ብላ ታነሣኝ ይሆናል እያልኩ ጓዳ ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። እግሬ ሲያብጥ ከርሟል። ማሽኑ ላይ ጎንበስ ስል ዓይኔ ይጨልማል።»

«ታዲያ አፍ የለሽም? አትነግሪኝም?»

«ድርጅቱ የሚከፍለው ላንተ ነው። የባሏን ሕክምና ተሻማች እንዳልባል ብዬ።»

የመጣበት ስድብ ብዙ ነበር፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ተጣልተው ጉሮሮው ላይ ተያያዙ። ቀኑን ሙሉ ረዳትህን አውርድ እያለ ሲጮህ የሚውል ሰው፣ በገዛ ቤቱ ሚዛን ላይ ማን እንደቆመ ሳያውቅ ሁለት ወር! ስልኩን አነሣና ደወለ።

ያነሣችለት የተቀዳች ሴት ናት። ለመርፌ አንድን፣ ለቀጠሮ ሁለትን ይጫኑ አለችው። ሁለትን ተጫነ። የሚቀጥለው ቀጠሮዎ የሚመጣው ሐሙስ ነው አለችው። ተመልሶ አንድን ተጫነ። መርፌዎ ተልኳል አለችው። በጽሑፍ ሲሞክር ደግሞ ወዲያው መልስ መጣለት፦ «መልእክትዎ ደርሶናል። ክብደት አልቀንስ ሲል ተስፋ አይቁረጡ። ውሃ በብዛት ይጠጡ።»

«ውሃ ጠጣ ትለኛለች!» አለ፣ ስልኩን ለሚስቱ እያሳየ። «ቤቴ ተቃጠለ ብላትም ውሃ ጠጣ ነው የምትለኝ!»

ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን ትፈልጋለች። «ጤና ጣቢያው ጋ የሚቆጥር ሚዛን አለ። ተመዘንና ፎቶውን ላክላት።»

ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗም አናደደው። ተያይዘው ወጡ። ፊት ፊት እየሄደ፣ ቀበቶውን በአንድ እጁ ይዞ፣ መንታ መንገዱ ጋ ሲደርስ ከኋላው ፉጨት የሚመስል ነገር ሰማ። የሚስቱ ትንፋሽ ነው። ቆመ። ዞሮ ግን አላያትም፤ እስክትደርስ ድረስ የሱቁን መዝጊያ ሲመለከት ቆየ።

በጤና ጣቢያው ነርሷ ጫማውን አስወልቃ መዘነችው። ድርጅቱ መጀመሪያ ከመዘነው ሃያ ሁለት ኪሎ ወርዷል። ተሳቢው ቁጥሩን አየ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ፣ አሁንም ያው ነው። «ሲስተር፣ ተባረኪ» አለና ፎቶ አንሥቶ ላከ። ነገሩን በድምፁም ቀድቶ፣ እየጮኸ፣ አያይዞ ላከ።

ከረጅም ጥበቃ በኋላ ሐኪሟ ራሷ ደወለች። «አሁን ገና አዳመጥኩት። በቀን ሁለት ጊዜ ሲደርሰኝ ያኔውኑ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ነርሷን ያገናኙኝ።» ተነጋገሩ። ከዚያ፣ «የጠዋቱን ሽሬ አዲስ እየላክሁ ነው» አለችው።

«የጠዋቱን? ልከውት ነበር?»

«ከእርስዎ ጋር እንደተቋረጥን። ዛሬ ያስፈልጋል ስላሉኝ ቸኩዬ።»

ተሳቢው ስልኩን ወደ ሚስቱ አዞረ። «ያቺ ሁለተኛዋ ሴትዮ ይቺ ናት። እስቲ ይዩልኝ።»

ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሟ አየቻትና፣ «እህቴ፣ በዚህ ፕሮግራም ላክምሽ አልችልም፤ አልተመዘገብሽም» አለች። «ግን እዚያው ካለሽ ሳትለኪ እንዳትወጪ። ግፊትሽን፣ ስኳርሽን ያዩልሽ። አሁን።»

ነርሷ ሚስቱን ይዛ ገባች። ተሳቢው በረንዳው ላይ ቆሞ ለስምሪት ኃላፊው ደወለ።

«ሪፖርቱ ደረሰህ?»

«ሁለት ደረሰኝ» አለ ኃላፊው። «ጠዋት ለውጥ የለም የሚል፣ አሁን ደግሞ ለውጥ አለ የሚል። ምን ላድርግህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ደንበኛው ሲጮህብኝ ቁልፉን ለቀጮ ሰጠሁት። ወጥቷል።»

«መልሰው!»

«ከነጭነቱ? ውሉ ላይ የነጂው ስም ገብቷል እኮ፣ ተሳቢው። ለስድስት ወር የእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቃሌ ነው፣ አንተ ነህ።»

«ሚዛኑ ላይስ ማን መዘነው?»

«አንተ የለህ፣ ዘበኛው መዘነው።»

ተሳቢው ስልኩን ዘጋ። መሳደብ አማረው፤ ግን ማንን? ኃላፊው አልዋሸውም። ሐኪሟ ያላየችውን አልጻፈችም። ቀጮ እንኳ የተሰጠውን ቁልፍ ነው የተቀበለው። ለቁጣው የሚሆን አንድ ሰው አጥቶ በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ አለ።

ሚስቱ የተጠቀለለ እጅጌዋን እያወረደች ወጣች። ፊቱን አየችው። «መኪናዋ ሄደች?»

«ሄደች።»

«በእኔ ነው።»

አይደለም ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ውሸት ሆነበት። «አዎ» አለ። «በአንቺም ነው። አንቺን ምን አሉሽ?»

«ግፊቴ በጣም ከፍ ብሏል። ዛሬውኑ ሐኪም ይይሽ አሉኝ። ሐኪሙ ፎቅ ላይ ነው።» ደረጃውን በዓይኗ ለካችው። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ። አንተም ተናደሃል።»

«ተናድጃለሁ» አለ። «ነይ።»

ክንዷን ይዞ ደረጃውን ጀመሩ። በየመታጠፊያው ትንፋሿ እስኪመለስ ይቆማሉ፤ በቆሙ ቁጥር ተሳቢው ይረግማል። ቀጮን፣ ውሉን፣ የተቀዳችዋን ሴትዮ፣ ቁጥር የሌለውን ሚዛን፣ ዝም ያለችውን ሚስቱን፣ ያልጠየቀውን ራሱን።

«ቀስ ብለህ ተሳደብ እንጂ» አለችው፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!» አለ፣ ክንዷን ሳይለቅ፤ ቀበቶውን ሽቅብ ጎትቶ ወደሚቀጥለው ደረጃ አሻገራት።