ሴቷ ትመርመር

እትዬ ቁልፍ ስለ ውሻ ሲናገሩ የሚያቋርጣቸው የለም፤ ቢያቋርጣቸውም አይሰሙትም። ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲቀርጹ ኖረዋል። የውሻውን ነገር ግን ያገኙት በጋብቻ ነው። አማታቸው የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ፤ ባለቤታቸውም እንደዚያው። የአባትና የልጅ ትልቁ ኩራት ግን ዘበኝነቱ ሳይሆን የሚያረቡት የውሻ ዘር ነበር፤ አንገተ ወፍራም፣ ደረተ ሰፊ፣ ሌባን በጩኸት ሳይሆን ትክ ብሎ በማየት የሚያባርር። ባለቤታቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ከሳቸው የቀረው አንድ ካፖርትና ያ ዘር ነው፤ ከዘሩም የቀረው አንድ ወንድ ብቻ። አለቃ ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ድምቡሼ ደግሞ ለአለቃ የታጨች ሴት ውሻ ናት። ከሌላ ሰፈር በሁለት ወሯ ስትመጣ ክብ ስለነበረች ስሙ ያኔ ወጣላት። አድጋ መለሎ ስትሆን ስሙን የሚቀይርላት ጠፋ።

የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ይህ ዋርሳቸው፣ ድምቡሼ ገና በዘጠኝ ወሯ የመጀመሪያውን ደም ስታይ ነበር ሠርጉ ይደገስ ብሎ የተነሣው።

«አለቃ አርጅቷል። ምን እንጠብቃለን?»

«ልጅ ናት እኮ» አሉት እትዬ ቁልፍ። «ገና ጫማ እየሰረቀች የምትበላ ልጅ፣ ልጅ ወልዳ ምን ልታደርገው ነው?»

በሁለተኛው ጊዜም ተመልሶ መጣ። ቁመቷ አድጓል እንጂ አጥንቷ አልጠናም፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለው መለሱት። አኩርፎ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሱቁ ደጅ ሲያልፍ ክላክስ ሳያደርግ ከረመ።

አሁን ደም ስታይ ሦስተኛዋ ነው። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሆኗታል። ደም ባየች ማግስት እትዬ ቁልፍ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ መጋዘኑ ይዘዋት ሄዱ። ከመጋዘኑ ጀርባ እስከ ጣሪያው የሚደርስ የብረት ደረጃ አለ፤ አርባ አራት እርከን። ለእናትነት የታጨች ውሻ ሦስት ጊዜ ሳታርፍ ትወጣዋለች፣ ትወርደዋለች። የኋላ እግሮቿን አጣምራ እንደ ጥንቸል ከዘለለች፣ ወገቧን ካወዛወዘች ወይም መሃል ላይ ቁጭ ካለች አልደረሰችም። ሕጉን ያወጡት አማታቸው ናቸው። በአጭሩም «ሴቷ ትመርመር» ይሉት ነበር።

ድምቡሼ ሦስቱን ጨርሳ አራተኛውን በገዛ ፈቃዷ ጀመረች። የመጋዘኑ ሠራተኞች በርሜል ሲጥሉ ዞር ብላ አየች እንጂ አልደነበረችም።

«ደርሳለች» አሉ እትዬ ቁልፍ። እሳቸው ደርሳለች ካሉ ደርሳለች ነው፤ በዚህ ነገር ተሳስተው አያውቁም።

አለቃ ይህን ሁሉ ከታች ተቀምጦ ይመለከት ነበር። እሱ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም። በቤቱ የቆየ ቀልድ አለ፤ አለቃ ደረጃ አይወጣም፣ ጉዳይ ያለው እሱ ዘንድ ይወርዳል ይባላል። ሲቀመጥም አንድ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ ዳኛ ዘና ብሎ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ይህን አቀማመጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩ ነበር።

እትዬ ቁልፍ ግን በደረጃው ብቻ የሚያቆሙ ሴት አይደሉም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ራጅ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ከተከፈተ ወዲህ፣ ውጭውን እኔ አየሁ፣ ውስጡን ደግሞ መሣሪያው ይይ ማለት ጀምረዋል። በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ የጓደኛውን ፒክአፕ ተውሶ መጣ። ድምቡሼ ቁርስ ሳትበላ ተጫነች። አለቃም ተጫነ፤ ብቻውን ሲቀር እያላዘነ ጎረቤት ስለሚያስመርር እንጂ ለሱ ጉዳይ ኖሮ አይደለም።

ሐኪሟ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ እጅጌዋን እስከ ክርን የሰበሰበች ወጣት ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛንና የሚንቋቋ ቬንትሌተር አለ።

«ስንተኛዋ ነው፣ እትዬ?»

«ሦስተኛዋ። ክትባቷን ጨርሳለች፤ የትል መድኃኒቷንም ወስዳለች። ክብደቷ ላለፉት አራት ወራት ንቅንቅ አላለም፤ እድገቷን ጨርሳለች ማለት ነው። ሰው አትፈራም፣ ሰውም አትነክስም።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

«ውስጧ።»

ሐኪሟ ሳቀች። ድምቡሼን በመርፌ አስተኝታ ራጅ አነሣቻትና ምስሉን በኮምፒውተሩ ላይ አሳየቻቸው። የጭኗ አጥንት ራስ በዳሌዋ ጎድጓዳ ውስጥ ግጥም ብሎ ተቀምጧል። እትዬ ቁልፍ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ አዲስ ቁልፍ በገዛ ጓጉንቸሩ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው።

«ደርሳለች» አለች ሐኪሟ።

«አላልኩም?» ብሎ ሹፌሩ አጨበጨበ።

«አንተማ ያልከው ካመት ከምናምን በፊት ነው» አሉት እትዬ ቁልፍ።

«ወንዱስ?» አለች ሐኪሟ።

«ወንዱ ምን ሆነ?»

«የሱንም ዳሌ ልየው።»

ሹፌሩ ከልቡ ሳቀ። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ አለቃ ነው! ሦስት ሴቶች አስወልዷል። እሱን ምን ብለን ነው የምንመረምረው?»

«ቡችሎቹ ደህና ናቸው?»

ሹፌሩ ወደ እትዬ ቁልፍ ዞረ። እሳቸው ደግሞ ብዙ ነገር ይችሉ ይሆናል፣ መዋሸት ግን አይሆንላቸውም።

«ከመጀመሪያዋ ሁለቱ አነከሱ። ከሁለተኛዋ አንዱ። ከሦስተኛዋ፣ ከጠይም ደግሞ ሦስቱ።»

«እናቶቹስ የት አሉ?»

«ለሰው ሰጠናቸው። ዘራቸው ደካማ ነው ብለን።»

«ሦስቱም?»

እትዬ ቁልፍ ደረጃውን አስታወሱ። ሦስቱም ደረጃውን ወጥተዋል። ሦስቱም ሳያርፉ፣ ሳያዛንፉ ወጥተው ወርደዋል። «ደርሳለች» ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ቡችሎቹ ሲያነክሱ ደግሞ «የእናትየው ነው» ያሉትም ራሳቸው ናቸው። ጠይም ወደ ጡብ ፋብሪካው ስትወሰድ ከመኪናው ላይ ሆና እስክትርቅ ድረስ ታያቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ስሌት ሱቃቸው ውስጥ ቁልፍ ላበላሸ ደንበኛ በአንድ አፍታ ያሰሉታል። አንድ ቁልፍ ሦስት ጓጉንቸር ላይ ካስቸገረ ጥፋቱ የጓጉንቸሩ አይደለም።

«አውጣው ጠረጴዛው ላይ» አሉ።

አለቃ ማደንዘዣ አላስፈለገውም፤ ገና ሳያስተካክሉት አሸለበ። ምስሉ ሲመጣ ሐኪሟ ብዙ አላወራችም። ጎድጓዳው ዝርግ ነው፤ የአጥንቱ ራስ ተበልቶ ከዳር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ እርጅና ብቻ አይደለም» አለች። «አብሮት የተወለደ ነው። ሕመሙን ችሎት ነው የኖረው። ለመሆኑ ደረጃ ይወጣል?»

ቀልዱን የሚነግራት ጠፋ።

«ድምቡሼ ከአለቃ ጋር አትገናኝም» አሉ እትዬ ቁልፍ።

ሹፌሩ ብድግ አለ። «እትዬ! የወንድሜ ዘር እኮ ነው! ሌላ ምን አለን ከሱ? ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቼማ ነው። ማንከሱም ዘር ነው፤ እሱም ይስባል።»

«እንዲህ በአንድ ፎቶ...»

«ቁጭ በል፣ ወንድምዓለም።» ድምፃቸው አልጨመረም፤ እሱ ግን ተቀመጠ። «እኔን አሥራ አንድ ዓመት ሐኪም ቤት አመላልሳችሁኛል። ስድስት ሐኪም አይቶኛል፤ አንዱ ሆዴን ቀዶ አይቷል። ወንድምህን አንድም ሐኪም አላየውም። እሱም እሄዳለሁ አላለም፣ እኔም ሂድ አላልኩትም። ምናልባት ችግሩ የእኔ ነበር፤ ምናልባት የእሱ። እስክሞት አላውቀውም፤ ያላወቅሁት ደግሞ ስላልታየ ነው። ወንድምህን እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። እሱን ስለምወድ ግን የሚያነክስ ቡችላ አላስወልድም፤ ሌላ እናትም አላባርርም።»

ሐኪሟ ቬንትሌተሩን የምታስተካክል መሰለች። ከዚያም፣ ዳሌው የታየ ጤነኛ ወንድ ያለው ሰው እንደምታውቅ፣ ድምቡሼም በሚቀጥለው ወቅቷ ከሰባት ወር በኋላ ብትገናኝ ዕድሜዋ ገና ለጋ እንደሆነ ተናገረች። ለአለቃ የሕመም ማስታገሻ ሰጠችው፤ ለስላሳና ዝቅ ያለ መኝታ እንዲሠራለትም አዘዘች።

«ባትወልድስ?» አላት ሹፌሩ በኩርፊያ።

«አትሞትም» አሉ እትዬ ቁልፍ፣ ሐኪሟን ቀድመው።

ሹፌሩ አለቃን ሲጭነው እንደ ወትሮው «ዝለል!» አላለውም። ጎንበስ ብሎ አንድ እጁን ከደረቱ ሥር፣ አንዱን ከዳሌው ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ አነሣው። ከዚያ እስከ ሱቁ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነዳ። እትዬ ቁልፍ አኩርፏል ብለው ተዉት፤ ኩርፊያውን ያውቁታል፣ ሁለት ሳምንት ነው።

ሱቁ ደጅ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋ እንጂ አልወረደም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

«ባለቤቴ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት» አለ።

ካገባ አራት ዓመቱ ነው። ልጅቷን ባገኙ ቁጥር «ምን አዲስ ነገር አለ?» እያሉ ወገቧን የሚያዩት እትዬ ቁልፍ ራሳቸው ናቸው። አፈሩ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አላዞሩም።

«ስንተኛ ሐኪሟ ነው?»

«አራተኛ።» ምራቁን ዋጠ። «ምን ይሻለኛል እትዬ? አብሬያት ልሂድ?»

እትዬ ቁልፍ የመኪናውን በር ከፈቱና አንድ እግራቸውን መሬት አስረገጡ።

«አብረሃት አትሂድ» አሉት። «ቀድመሃት ግባ።»