ካልሲው ውስጥ

«አልጠማኝም» አሉ የሟቹ ታላቅ እህት፣ የሻዩን ብርጭቆ በጣታቸው ገፋ አድርገው። ከወንድማቸው ሚስት እጅ ምንም ነገር ከቀመሱ ሁለት ዓመት አልፏል። ሐዘኑም አላለዘባቸውም።

ሚስትየው ብርጭቆውን እዚያው ተወችው። ለለቀስተኛው ስትነሳ ስትቀመጥ ውላ ዝላለች፤ መከፋትም እኮ አቅም ይጠይቃል። በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«የእናታቸውን ቀለበት ወስዳ ነው አሉ።»

«ሟቹ ራሱ በአፉ ነግሮኛል እኮ!»

እውነት ነው፣ ነግሯቸዋል። ሰዓት ሠሪ ነበር፤ አንዲት ብሎን ጠፍታበት የማታውቅ ሰው። ኋላ ግን ወረንጦው ይጠፋው ጀመር፣ ከዚያ መነጽሩ፣ በመጨረሻም የእናቱ ቀለበት። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሌባ!» አላት። ጠላኝ ብላ ስንት ቀን አለቀሰች።

ነገሩ ሲብስ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ሐኪሙ የአንጎል ምስል ይነሳ አለ። የምርመራ ክፍሉ ሠራተኛ «መሣሪያው ማግኔት ነው፤ ብረትም ጌጥም ይውለቅ» ሲል ጫማውን ልታወልቅለት ጎንበስ አለች። ቀለበቱ ካልሲው ውስጥ ነበር።

«ለእትዬ እንዳትነግሪ» አላት ባሏ፣ እንደተያዘ ልጅ እያያት። «አበደ ይሉኛል።»

«አልነግርም።»

ሐኪሙ ነገር የምናስታውስበት የአንጎል ክፍል መኮማተሩን ምስሉ ላይ አሳያት። «ከሌላው ምርመራ ጋር ሲታይ አልዛይመር ነው። የሚናገረውን ከልቡ ነው ብለው አይያዙበት።» እፎይ አለች፤ እፎይታዋም አሳፈራት። ለካ አልጠላትም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ካልሲውን ስታለብሰው ቀለበቱንም ትከትለታለች። ዳብሶ ካገኘው ሰላም ይውላል።

አሁን ቀለበቱን ብትመልስ ሌባነቷን አመነች ይባላል። ብትናገር ቃሏን ታጥፋለች። ቤቱ ጭር ሲል የሟቹን ልብስ አወጣች።

«እትዬ፣ ደክሞኛል። ካልሲዎቹን ያጥፉልኝ።»

እያጉረመረሙ ተቀበሏት። ትንሽ ቆይተው እጃቸው ቆመ፤ ቀለበቱ መዳፋቸው ላይ ወድቋል። ሌሎቹንም ካልሲዎች አገላበጡ። ሁሉም ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቀለበቱ ልክ ክብ ሆነው ሳስተዋል።

«ከእሱ ጋር ነበር?»

ሚስትየው ሸሚዙን ማጠፏን ቀጠለች።

እትዬ ቀለበቱን ጣታቸው ላይ አላደረጉትም። ካልሲው ውስጥ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስተው ጨለጡና ብርጭቆውን ዘረጉላት።

«ድገሚኝ።»