የግራና የቀኝ አይጦች

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ተመራማሪዋ አሥራ ሁለት ሳምንት የለፋችበት ሥራ ሐሙስ አለቀ፤ ጉዱ የወጣው አርብ ጠዋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ ወንድ አይጦች በየሳጥናቸው በሁለት መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። ሁለቱም መደርደሪያ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ ኤሌክትሪክ የሚገባው ግን በግራው ብቻ ነው። የግራዎቹ ቀን ከሌት በማግኔት ኃይል ውስጥ ይኖራሉ፣ የቀኞቹ ሽቦውን ዝም ብለው ያያሉ። በመጨረሻ፣ ማግኔቱ ዘር ያሳንስ እንደሆነ ለማየት፣ የሁሉም ዘር በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ዓይኗ እስኪያለቅስ ቆጠረች። የግራዎቹ ዘር አንሶ ተገኘ።

ምን ነበረበት ዝም ብትል! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ወዲያው ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። ወንድሟ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት የሚያነሳውን ትልቅ ማግኔት ሲዘውር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ካገባ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ልጅ ግን የለም። ሐኪሙ «ዘርህ አንሷል» ብሎታል፣ ከምን እንደመጣ አላወቀለትም።

«ጋሼ፣ ማግኔቱ ነው! ይሄን ሥራ ልቀቅ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ ቆጥሬ!»

አርብ ጠዋት የእንስሳቱን ጠባቂ ልታመሰግን ወረደች። ሽማግሌው የጥንቸሎቹን ውሃ እየቀየሩ ነበር።

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ሥራ መቼ ያልቅ ነበር?»

«ምን አደረግሁና ልጄ! ‹ሁሉንም እኩል ይንከባከቡልኝ፣ እንዳያዳሉ› ብለሽኝ የለ? እኔ ደግሞ በአድልዎ አልታማም። የግራው መደርደሪያ በር አጠገብ ነው፣ ብርድ ይመታዋል። በየሰኞው የግራዎቹን ወደ ቀኝ፣ የቀኞቹን ወደ ግራ ሳዞርልሽ ከረምኩ።»

ክው አለች። «ሳጥኖቹን?»

«ታዲያ መደርደሪያውን ልሸከምልሽ?» ብለው ሳቁ።

ደሟ ፈላ። ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ብላ? ኤሌክትሪኩ በየትኛው እንደሚገባ ጠባቂ እንዳያውቅ የሥራው ደንብ ነውና አልነገረቻቸውም። የአይጦቹን መለያ ቁጥር ሳጥኑ ላይ በመለጠፍ ፈንታ መደርደሪያው ላይ የለጠፈችው ደግሞ ራሷ ናት። እንግዲህ አርባዎቹም ማግኔቱን እኩል ቀምሰውታል። ግራ ቀኝ እያለች ያገኘችው ልዩነት እንዲያው አጋጣሚ ነው። አይጦቹም የሉም፤ ለቆጠራው ሲባል ተገድለዋል። አሥራ ሁለት ሳምንት ውሃ በላው!

«ኤጭ!» ብላ ጓንቷን ወለሉ ላይ ወረወረችው። ሽማግሌው ደንግጠው ጎንበስ ብለው አነሱላት፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ሥራውስ እሺ፣ ይደገማል። ወንድሟስ? ወደ ኮሪደሩ ሮጣ ደወለች።

«ጋሼ፣ መልቀቂያውን እንዳታስገባ!»

«አስገባሁት እኮ። ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነው። ምነው?»

እየተንተባተበች ነገረችው። «ተሳስቻለሁ። ማግኔቱ ይሁን አይሁን አላውቅም። አፈር በበላሁ!»

ወንድሟ አልተቆጣም። ቢሰድባት በወደደች።

«ሥራስ ይፈለጋል» አለ። «ትናንት ግን ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። ‹ሥራህ ነው እንጂ አንተማ ምንም አልሆንክም› ብላ አቅፋኝ አለቀሰች። ያቺን ለልጅ ብለን ዘግተናት የኖርናትን ትንሿን ክፍል ታውቂያት የለ? ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ግድግዳውን እያጠበች ነው ጥያት የወጣሁት። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ቤት ስገባ ምን ልበላት?»

ተመራማሪዋ ስልኩን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለች።