የሳጥኗ ልብስ

የውሃ ማከፋፈያ ጣቢያው ዘበኛ ዕቃ መሸፈን ይወዳል። ወንበሩ፣ ሬዲዮው፣ የግፊት ማሳያው፣ ሌላው ቀርቶ የበሩ ቁልፍ እንኳ ላስቲክ ለብሷል። ባልደረቦቹ «ሸፍነው» የሚል ስም ቢያወጡለት ሳይከፋው አቤት ማለት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከማዶ ያለው ብረት ማቅለጫ ጭሱን ሲለቅ ጥላሸቱ የማይገባበት የለም። የበፊቱን የግፊት ማሳያ ድራሹን ያጠፋው ይኸው ጥላሸት ነው።

እዚያው ማቅለጫው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ የምትጠርገው ደግሞ ሚስቱ ናት። ሳሏ ከጀመራት መቆሚያ የለውም። ስትስል እሱ ግድግዳውን ያያል፤ ፊቷን ማየት አይችልም።

እናም የጣቢያው ጣሪያ ላይ አየር የምትለካ ነጭ ሳጥን ሲተከል ሸፍነው ከማንም በላይ ደስ አለው። የከተማው ምክር ቤት ቃል ገብቷል፤ ሳጥኗ አየሩ መጥፎ ነው ካለች ማቅለጫው የጭስ ማጣሪያ ይገጥማል፣ ጠራጊዎቹም ጭሱ በሚለቀቅበት ሰዓት ደመወዛቸው ሳይነካ ይጠለላሉ። ሳጥኗን የተከላት ባለሙያ «አደራ ጋሼ፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቋት» ብሎት ወረደ። እንዴት እንደምትለካ ግን አልነገረውም። ለዘበኛ ማስረዳት የሚታየው ባለሙያ መቼም ገና አልተወለደም።

ሸፍነው አደራውን ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ከአሮጌ መጋረጃ ለሳጥኗ በልኳ ልብስ ሰፋችላት። ከዚያ ወዲህ ማቅለጫው ማጨስ ሲጀምር ጉልበቱ እየተንቋቋ መሰላሉን ይወጣል፣ ያለብሳታል፤ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ «በይ እንግዲህ ተንፍሺ» ብሎ ይገልጣታል። ሚስቴን የምታድናት እሷ ናት ብሎ ነው፤ ምን ያድርግ!

የውሳኔው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ባለሙያው ተነስቶ፣ የዚህ ሰፈር አየር ብክለቱ ከተፈቀደው በታች ነው፣ እንዲያውም ከሌሎቹ ሰፈሮች ይልቅ ንጹሕ ነው አለ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢም ማጣሪያም መጠለልም አያስፈልግም ብሎ ወሰነ።

የሸፍነው ሚስት ከጠራጊዎቹ መሃል ብድግ አለች። «ታዲያ ይሄ ሳል ከየት መጣ? ከቤቴ ቋጥሬ ነው ያመጣሁት?»

«እናቴ፣ እኛ የምንሠራው በመሣሪያ ነው» አላት ሰብሳቢው። አንዳንዱ ሳቀ።

ሸፍነው ደሙ ፈላ። ባለሙያውን በር ላይ ደረሰበት። «ዕቃህን መርምራት እንጂ! በእኔ በኩል ጭስ በመጣ ቁጥር እየሸፈንኩ አንድ ቀን ጥላሸት አላስነካኋትም!»

ባለሙያው ባለበት ቀረ። «ምን አሉኝ? ይሸፍኗት ነበር?»

«በደንብ ነዋ!»

«ጋሼ... እሷ እኮ የምትለካው ውስጧ የሚገባውን ነው።»

ሸፍነው በሩን ደገፍ አለ። «ንገርልኝ» አለ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንደገና ይለካ።»

ባለሙያው ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሰብሳቢውና የማቅለጫው ሥራ አስኪያጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሳሳቃሉ። «አለቀ እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ሳጥኗ ወደ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች። እርስዎም ባያወሩት ይሻልዎታል፣ ከሥራ ያባርሩዎታል።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ቀድማው ገብታ፣ ደጅ ላይ ጎንበስ ብላ የሳጥኗን ልብስ ታጥባለች። የሳፋው ውሃ ከሰል መስሏል።

«እየው ጉድ! ይሄ ሁሉ እኮ እሷ ላይ ሊያርፍ ነበር፤ እንኳን ሰፋሁላት!» ሳሏ አቋረጣት። «ለእኔም ደረት አንድ ብሰፋለት ኖሮ...»

አጠገቧ ቁጭ አለ። መናገሩ እንደ ሞት ከበደው፤ ግን አንድም ሳያስቀር ነገራት። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ብትሰድበው፣ ሳፋውን ብትደፋበት በወደደ ነበር። እሷ ግን ጨርቁን ጨመቀችና ገመዱ ላይ አሰጣችው።

ጠዋት ጨርቁን ከገመዱ አወረደች፣ አጥፋ አፍና አፍንጫዋ ላይ አሰረችው፣ መጥረጊያዋን አነሳች። ሸፍነው ከኋላ ሊያጠብቅላት እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለችው በጨርቁ ውስጥ። «ለሳጥኗ ነው የለካሁት፤ ለእኔ አይሆንም።»

ማቅለጫው ማጨስ ጀምሮ ነበር። መንገዱን ይዛ ወደዚያው ሄደች።