ለቤተ ክርስቲያኑ በር የሚሆን ጠመንጃ

የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ወንድም ሮይስ ሥራውን ሲሰጡኝ ምክንያታቸው አጭር ነበር። "አንተ ወገን አትይዝም" አሉኝ። "ሦስቱንም ጠመንጃ ሞክርና ለበሩ የትኛው እንደሚሻል ለኮሚቴው ንገር።"

በሩ የቤተ ክርስቲያናችን መግቢያ ነው። ከመግቢያው እስከ ልጆቹ ክፍል ጠባብ ኮሪደር አለ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቁም ሳጥን፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሾትገን የሚባለው የአደን ጠመንጃ፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ደግሞ እሑድ እሑድ አባቴ ኤልውድ። የሸሪፉ ፖሊሶች ከከተማ እስኪደርሱ ስብከት ተጀምሮ ያልቃል፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የተራራው አብያተ ክርስቲያናት እኛም የራሳችንን ጠባቂ እናቆማለን። እናቴ በሕይወት ሳለች ጀምሮ ጠባቂው አባቴ ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ ካልጋው ተነስቶ የሚላጨው ለዚያ በር ሲል እንደሆነ ቤት ውስጥ ያለነው እናውቃለን።

ባለፈው ክረምት ግን ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ደከመ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፓምፕ የሚባለው ዓይነት ነው፤ አንዴ ከተኮሱ በኋላ የፊት እጀታውን በግራ እጅ ወደ ኋላ ስቦ፣ መልሶ ወደ ፊት መግፋት ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራዬ የገባኝ መሰለኝ። አባቴ በደከመ እጁ የሚችለውን ጠመንጃ ላገኝለትና በሩ ላይ ላቆየው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በወንድም ሮይስ ጎተራ ተሰበሰብን። የድርቆሽ እስሮችን ግራና ቀኝ ደርድረን የኮሪደሩን ስፋት ሠራን። ከኮሚቴው እህት ቬርናም መጥታለች፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አፏ አያርፍም። አባቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያያል። ጥይቶቹ ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ናቸው።

"መጀመሪያ ርዝመት" አሉ ወንድም ሮይስ። "ጠባብ ቦታ ነው፤ ረጅም ጠመንጃ ግድግዳ ይመታል።"

ሦስቱንም ይዤ በድርቆሹ መካከል ዞርኩ። አጭሩ ባለ ሁለት አፈሙዙ ነበር። ከአፈሙዙ ኋላ የሚመላለስ ነገር ስለሌለው ከሌሎቹ ያጥራል። ይህንኑ ተናገርኩ።

"ሁለት ጥይት ብቻ ነው የሚይዘው" አሉ።

"ስለ ርዝመት ነበር የጠየቁኝ።"

"አሁን ስለ ጥይት እየጠየቅኩህ ነው።"

ወደ አውቶማቲኩ ሄድኩ። በራሱ ያጎርሳል፤ የግራ እጅ ጉልበት አይፈልግም። እሳቸውም ደካማ ጥይት ሲሰጡት አኩርፎ ሁለተኛውን እንደማያጎርስ፣ ላላ አድርገው ሲይዙትም ጥይት እንደሚቀረቀርበት ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ፓምፑን የደነገጠ ሰው ግማሽ መንገድ ስቦ ሊተወው እንደሚችል፣ ያኔ ጠመንጃው ዱላ እንደሚሆን ነገርኳቸው። ይህም እውነት ነው። እሳቸው ግን አገጫቸውን አከኩና "አስተማማኙ ግን ፓምፑ ነው" አሉ።

"በምን ሚዛን?" አልኩ።

"የኮሌጅ ልጅ አትሁንብኝ፣ ላንደን።"

መልሱ ቀድሞ ያለቀ፣ ጥያቄው ግን ገና እየተፈለገለት ያለ መሰለኝ። ሰውዬው አባቴን ከበሩ ሊያስወጡት ፈልገዋል ብዬ ጠረጠርኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ አብረው ያደጉ፣ አብረው አጋዘን ሲያድኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ባለ ሁለቱን ለአባቴ ሰጠሁት። ሰደፉን በብብቱ ይዞ በቀኝ እጁ ብቻ ከመታጠፊያው ሰብሮ ከፈተው፣ አጎረሰው፣ ዘጋው። ከጠበቅኩት በላይ ፈጠነ።

"እዩት" አለች ቬርና። "ይሄ ሰውዬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የተኮሰው ሸሚዙን ብቻ ነው፤ እጁ ግን አልረሳም።"

አባቴ ፈገግ አላለም። እኔ ደስ ብሎኝ ሌላውን ጥቅም አከልኩ። ቃታውን የምትይዘው ትንሽ መቆለፊያ በዚህ ጠመንጃ ላይ፣ አፈሙዙ ተሰብሮ በተከፈተ ቁጥር በራሷ ተመልሳ ትቆልፋለች። "መቆለፍ ብትረሳ እንኳ እሷ አትረሳም" አልኩት።

ጠመንጃውን ድርቆሹ ላይ አጋደመው። "ይሄን አልፈልገውም።"

"ለምን?"

"ራሱን ስለሚቆልፍ።"

"ጥሩነቱ እኮ እሱ ነው፣ አባዬ።"

"ሰምቼሃለሁ።"

"ኤልውድ፣ ጠመንጃ ነው ወይስ አማች የምትመርጠው?" አለች ቬርና። ወንድም ሮይስ አባቴን አዩት፤ አባቴ ጫማውን አየ። ከዚያ ተበተንን።

መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። የጠጠሩን መንገድ ጨርሰን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መታገሥ አቃተኝ።

"ወንድም ሮይስ ከበሩ ሊያስነሱህ ይፈልጋሉ። አንተ ደግሞ ታግዛቸዋለህ።"

"የለመንኩት እኔ ነኝ።"

"ምን ብለህ?"

"የማልችለውን ጠመንጃ ምረጥልኝ ብዬ።"

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር የሚያወራው።

"ከፋሲካ በፊት ባለው እሑድ፣ ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ጥይቱን ላወጣ ጠመንጃውን አነሳሁት። መቆለፊያዋ ክፍት ናት። ጠዋት ቆልፌ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ቆለፍኩ ብለህ ረስተህ ይሆናል።"

"እኔም እንደዚያ አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ቆልፌ ሮይስን 'እያት' አልኩት፤ አያት፤ ተቆልፋ ነበር። ስብከቱ ሲያልቅ ግን ክፍት ሆና አገኘኋት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።" እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። "ከፍቼ፣ እጄን አስገብቼ፣ መቆለፊያዋን አንስቻለሁ ማለት ነው። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ማን ሲገባ እንደሆነም አላውቅም። በዚያ ኮሪደር እነማን እንደሚመላለሱ ታውቃለህ።"

 ከዚያ ስለ ባለ ሁለቱ የተናገረው ትዝ አለኝ፣ ጠየቅኩትም።

"ያኛው፣ ጥይት ላወጣ ስከፍተው፣ ራሱን ይቆልፋል። ምልክቱን ያጠፋዋል፣ ልጄ። ደግሜ ባደርገው እንኳ አላውቅም ነበር።"

"ታዲያ በቃኝ ብለህ አትተወውም?"

"ለምን ይሉኛል። እጄ ነው ካልኩ ይገባቸዋል፤ ምግብ በድስት ይዘው ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ጭንቅላቴ ነው ካልኩ ግን መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ፣ ከዚያ ቤቱን ነው የሚወስዱብኝ። ሮይስም ቢሆን እጄ ነው የመሰለው። እሱ ብቻውን ፓምፕ ቢል ቂም ነው ይላሉ። አንተ መዝነህ ፓምፕ ካልክ ግን ማንም አይከራከርም።"

"ሐኪም ጋ እንሂድ።"

"እንሄዳለን።"

"መቼ?"

"ፓምፕ ይሻላል ባልክ ማግሥት።"

ረቡዕ ከጸሎት በኋላ ኮሚቴው በምድር ቤቱ ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ነገሩን በራሴ ውስጥ ሳገላብጠው ነበር። ባለ ሁለቱ ለአባቴ እጅ የተሻለ ነው። አባቴ ደግሞ ለበሩ አይሆንም። የተጠየቅኩት ስለ ጠመንጃ ነው፤ የምመልሰው ስለ ሰው ሊሆን ነው። ሚዛኑን ከየት ጀምሬ እንደምይዘው ጠፋኝ።

"እሺ፣ ላንደን" አሉ ወንድም ሮይስ።

"ፓምፑ" አልኩ።

ቬርና መነጽሯን አወለቀች። "ቅዳሜ ስለ ባለ ሁለቱ ሌላ ነበር የምትለው።"

"አስቤበት ነው።"

"ምን አስበህ? አጭር ነው አልክ፣ ራሱን ይቆልፋል አልክ። አባትህም ሲሠራበት አይተነዋል።"

"ሁለት ጥይት አይበቃም" አልኩ። ድምፄ የወንድም ሮይስን ይመስል ነበር።

"ፓምፑን በግራ እጁ መሳብ አይችልም።"

"አልችልም" አለ አባቴ፣ ፈጥኖ።

"እንግዲያው ጠመንጃው ይቀየር እንጂ ሰውየው ለምን ይቀየራል?" ወደ እኔ ዞረች። "የገዛ አባትህን፣ ላንደን?"

መልስ ነበረኝ። መልሱ ግን የእኔ አልነበረም። "ለበሩ ሁለት ደህና እጅ ያለው ሰው ያስፈልጋል" አልኩ። እየተናገርኩ ሳለ ዋሸሁ ወይስ እውነቱን ተናገርኩ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ሁለቱም መሰሉኝ። ወንድም ሮይስ ፓምፑን የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። ቬርና ብቻ ሳታወጣ ቀረች፤ ስትነሳ አባቴን አቀፈችው፣ እኔን ግን አልፋኝ ወጣች።

መኪናው ውስጥ አባቴ ቀበቶውን በቀኝ እጁ ሲያስር ጠበቅኩት። ፊቱ ቀለል ያለ ይመስላል።

"ነገ ለሐኪሙ ልደውል" አልኩት።

"ለየትኛው ሐኪም?"

አየሁት። ከዚህ በፊት ውሉን እያወቀ የሚያድበሰብስ ሰው አልነበረም፤ ግን ቀልድ ያውቃል፣ ፊቱን ሳይለውጥ ይቀልዳል። ዓይኑን ፈለግኩ። የመኪና ማቆሚያውን መብራት ነበር የሚያየው።

"የተነጋገርነውን" አልኩ።

"አዎ" አለ።

"ቀጠሮ ካገኘን ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን።"

"እሺ" አለ። ወዴት እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም።