የተገለጠው ጎጆ

ጸደይ በገባ ቁጥር ልብስ ሰፊውና የሚስቱ ወንድም ካሜራቸውን አንግተው ወፎች ለማንሳት ወደ አንድ ወንዝ ዳር መውረድ ልማዳቸው ነው። የሚስቱ ወንድም ጥርስ ሐኪም ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ደግሞ ፎቶውን ለውድድር የሚልክ። ሰፊው ከማንሳቱ ይልቅ ማድመጡ ይበልጥበታል።

የዘንድሮው ማረፊያ ባለቤት ገና በጠዋቱ ደረቱን ነፍቶ መራቸው።

«ሌላ ቦታ ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ላይ ስታፈጡ ትውላላችሁ። እኔ ዘንድ ግን ገልጬ ነው የማቀርበው!»

እውነቱን ነው፤ የወፏን ጎጆ የጋረዱትን ቅርንጫፎች ቆርጦ ከሥሩ ጥሏቸዋል። ላባ ያላበቀሉት ጫጩቶች ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ቆዳቸው እንደ ተላጠ ቁስል ቀልቶ፣ አንገታቸውን መሸከም አቅቷቸው፣ ተደራርበው ያለከልካሉ። የአንዱን የተጨፈነ ዓይን ጉንዳን ይዞረዋል።

«ሲያምሩ!» አለች አንዲት እንግዳ፣ ብስኩት እየቆረጠመች።

ጥርስ ሐኪሙ የጎጆውን ጠርዝ በእንጨት ነካ ነካ አደረገ። ጫጩቶቹ እናታቸው የመጣች መስሏቸው አፋቸውን በረገዱ።

«ሰፋ አድርገህ ክፈት! አይዞህ፣ አያምም!» አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ካሜራው ተንጣጣ። ደግሞ ነካቸው። ደግሞ ባዶ አፋቸውን ከፈቱ።

ሰፊው ቁርሱ መራራ ሆኖ ጉሮሮው ድረስ መጣበት።

«ተው፣ አንተ።»

«ጋሼ ደግሞ! ሥራዬ አይደል እንዴ? እንዲያውም ያለ መርፌ!»

ከማዶ እናቲቱ ትጮኻለች። «ስትዘምር ሰማችሁ?» አለ አንዱ። ሰፊው ግን ያን አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ያውቀዋል፤ የጭንቀት ነው። ጃኬቱን አውልቆ ቢዘረጋላቸው ጩኸቱ ባሰ። እሱ እዚያ ከቆመ እናት አትመጣም፤ ትቷቸው ከሄደ ፀሐዩ ይጨርሳቸዋል።

«አቤቱ» ብሎ ጎንበስ አለ። ቅርንጫፎቹ ገና አልጠወለጉም። የካሜራውን ማንገቻ ፈታና፣ ቅጠሉን እንደ ተፈጥሮ አበቃቀሉ እያስተኛ፣ ከግንዱ ጋር ያስረው ጀመር።

«ጋሼ፣ ጋረድከኝ እኮ! ለውድድሩ ነው፤ አንዲት ብቻ!»

«የልጆች አባት ነህ» አለው ሰፊው፣ ሳይዞር።

«እህቴን አፍሬ ነው እንጂ... ሁለተኛ አብረን አንወጣም!»

«አንውጣ።»

ቋጠሮውን አጠበቀና ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ከብት እንደሚመልስ ሰው፣ ባለቤቱንም እንግዶቹንም ወደ ኋላ ገፋቸው። እያጉረመረሙ፣ አንዳንዱም እየተሳደበ፣ እስከ ወንበሮቻቸው ድረስ ሸሹ።

እሱም ከጎጆው ርቆ ቆሞ አደመጠ። የእናቲቱ ጩኸት ቆመ። ቅጠሉ ኮሽ አለ። ከዚያ ቀጭን የልመና ድምፅ ተነሳ፤ ተነሳና መሃሉ ላይ ታፈነ፤ ምግብ ገባበት።

ከኋላው ጥርስ ሐኪሙ ያነሳውን ለሰዉ እያሳየ ነው። «እዩልኝ ይሄን ጉሮሮ! ጋሼ፣ ና እንጂ፣ ኩርፊያህን ተውና እይ!»

ሰፊው ወደ ወንዙ ወረደና አፉን ተጉመጠመጠ። ተፋ። ምሬቱ አልለቀቀውም፤ ደግሞ ውኃ ዘገነ።